አንድ ፖኬሞን ከልክ በላይ ኃይለኛ ነው የምንለው በምን መለኪያ ነው?

ነጭ ንብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር በፖኬሞን ሾውዳውን (በኢንተርኔት የፖኬሞን ውጊያ በሚካሄድበት መድረክ) ላይ የዘጠነኛውን ትውልድ የነጠላ ውጊያ፣ ማለትም ስድስት ለስድስት የሚደረገውን የኦ.ዩ. (በብዛት ጥቅም ላይ የሚውሉ ፖኬሞኖች መደብ) ጨዋታ እንጫወታለን። በቅርቡ በመካከላችን አንድ ውድድር ለማካሄድ ስለ ወሰንን፣ ስሞገን የተባለው የተጫዋቾች ማኅበረሰብ ባወጣው የእገዳ ዝርዝር ላይ እኛ የምንጨምረው ይኑር ወይስ አይኑር በሚለው ጉዳይ መከራከር ጀምረናል። ክርክሩን ያስነሣው ኪንጋምቢት ነው። ግማሾቻችን ይህ ፖኬሞን በጨዋታው መጨረሻ ብቻውን ቀርቶ ሦስትና አራት ተቃዋሚ በተከታታይ ሲጥል ደጋግመን ስላየን መታገድ አለበት እንላለን። የቀሩት ደግሞ ፍጥነቱ 50 ብቻ የሆነና የፋይቲንግ ዓይነት ጥቃት አራት እጥፍ የሚጎዳው ፖኬሞን ሊያስፈራ አይገባም ይላሉ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እያንዳንዳችን የምናቀርበው ማስረጃ ፈጽሞ የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱ የፖኬሞኑን የሕይወት፣ የጥቃት፣ የመከላከያና የፍጥነት መሠረታዊ ነጥቦች ድምር ያነባል፤ ሌላው በየወሩ የሚወጣውን የአጠቃቀም መቶኛ ይጠቅሳል፤ ሌላው ደግሞ የተሸነፈበትን ጨዋታ ቅጂ ይልካል። ማንም አልዋሸም፤ ሆኖም ማስረጃዎቹን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አልቻልንም። ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ተጫዋቾች አንድን ፖኬሞን «ጠንካራ ነው» ከማለት አልፋችሁ «ጨዋታውን ያበላሻል» እስከ ማለት የሚያደርሳችሁ ምን እንደ ሆነ፣ እንዲሁም የእኛን በመሰለ አነስተኛ ስብስብ ውስጥ ውሳኔው እንዴት ቢሰጥ ፍትሐዊ እንደሚሆን ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ሰባተኛ ትውልድ

ጤና ይስጥልኝ፣ ነጭ ንብ። ጥያቄዎን ለመመለስ በመጀመሪያ ጓደኞችዎ የጠቀሷቸው መለኪያዎች ምን ሊነግሩን እንደሚችሉና የት ላይ እንደሚያቆሙ ማየት ያስፈልጋል።

የነጥብ ድምር የሚነግረን በጣም ትንሽ ነገር ነው። የሬጂጊጋስ ድምር 670 ነው፤ ነገር ግን «ስሎው ስታርት» የተባለው ልዩ ችሎታው ወደ ሜዳ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ለአምስት ተራ የጥቃት ኃይሉንና ፍጥነቱን በግማሽ ስለሚቀንስበት ዘመኑን ያሳለፈው በዝቅተኞቹ መደቦች ነው። ሃውንድስቶን በአንጻሩ ድምሩ 488 ብቻ ሲሆን፣ ዘጠነኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ከኦ.ዩ. ታግዷል። ምክንያቱ «ላስት ሪስፔክትስ» የተባለው ጥቃቱ ነው፤ የጥቃቱ ኃይል ከ50 ይነሣና በእያንዳንዱ የወደቀ ጓደኛ 50 እየጨመረ አምስቱም ሲወድቁ 300 ይደርሳል። በዚህ ላይ የአሸዋ አውሎ ነፋስ ሲኖር «ሳንድ ረሽ» ፍጥነቱን እጥፍ ያደርግለታል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ማየት የሚጠቅመን ልዩ ችሎታው፣ ጥቃቶቹና ዓይነቱ እነዚያን ቁጥሮች ወዴት እንደሚወስዷቸው አብረን ካየን ብቻ ነው።

የአጠቃቀም መቶኛ ከድምሩ የተሻለ ነገር ይነግረናል፤ ይሁን እንጂ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። በስሞገን አሠራር አንድ ፖኬሞን በኦ.ዩ. የሚመደበው አጠቃቀሙ 4.52 በመቶ ሲደርስ ነው። ይህ ቁጥር የተመረጠው ያንን ፖኬሞን በ15 ጨዋታዎች ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የማግኘት ዕድል 50 በመቶ የሚሆነው በዚያ መጠን ላይ በመሆኑ ነው። ከላይ ያለው የኡበርስ መደብ ግን በአጠቃቀም አይሞላም፤ ወደዚያ የሚያስገባው የእገዳ ውሳኔ ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ክርክሮችን ያለ ፍሬ ያስቀራል።

ለዚህ ከላንዶረስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የቴሪያን ቅርጹ የተቃዋሚን የጥቃት ኃይል የሚቀንሰው «ኢንቲሚዴት» ስላለው፣ የጥቃት ኃይሉ 145 ስለ ሆነና በየትኛውም ቡድን ውስጥ ሥራ ስለማያጣ፣ ለበርካታ ዓመታት በኦ.ዩ. ከሁሉም በላይ ጥቅም ላይ ከሚውሉት አንዱ ሆኖ ቆይቷል፤ ሆኖም አልታገደም። በስድስተኛው ትውልድ የታገደው ኢንካርኔት የተባለው ሌላኛው ቅርጹ ነው። «ሺር ፎርስ» የተባለ ልዩ ችሎታ ያለው ይህ ቅርጽ ላይፍ ኦርብ (ኃይል እየጨመረ የያዘውን የሚጎዳ ዕቃ) ይዞ ሲያጠቃ ተጨማሪ ውጤት ባላቸው ጥቃቶች ላይ የላይፍ ኦርብን ጉዳት ሳይከፍል ኃይሉን ብቻ ያገኛል። ኧርዝ ፓወርን የሚችል ፖኬሞን ቢያስገቡበት ስላጅ ዌቭ፣ ፎከስ ብላስት ወይም ሳይኪክ ሊጠብቅዎ ይችላል። በአራቱ የጥቃት ቦታዎቹ የትኞቹን ጥቃቶች እንደ ያዘ እስኪታወቅ ድረስ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ፖኬሞኖችዎ ወድቀዋል። የቴሪያኑን ቅርጽ ግን ሥራውን አውቀው ይጠብቁታል፤ ጠንካራ የውኃ ወይም የበረዶ ጥቃት ያለው ፖኬሞን ካለዎት ደግሞ ሊመልሱት ይችላሉ።

እንግዲህ እኔ መጀመሪያ የማየው ተቃዋሚው ምን ምርጫ ይቀረዋል የሚለውን ነው። ይህን ከጨዋታው በፊትም በጨዋታው ውስጥም እጠይቃለሁ። ቡድን ስንሠራ፣ ይህን ፖኬሞን በአስተማማኝ ሁኔታ ሊቋቋሙ የሚችሉት ስንት ናቸው? እነዚያስ ለሌላ ሥራ ይጠቅማሉ ወይስ እርሱን ብቻ ለመጠበቅ ከስድስቱ አንዱን ቦታ እየሰዋን ነው? በጨዋታው ውስጥ ደግሞ፣ ባለቤቱ ኃይሉን ለመጠቀም ምን ይከፍላል? ሜጋ ካንጋስካን በስድስተኛው ትውልድ በስሞገን ምክር ቤት ውሳኔ በፍጥነት የታገደው በዋናነት በዚህ መመዘኛ ስለ ወደቀ ይመስለኛል። «ፓረንታል ቦንድ» እያንዳንዱን ጥቃት ሁለት ጊዜ እንዲመታ ያደርግ ነበር፤ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ግማሽ ኃይል ነበረው። ሌሎች ፖኬሞኖች ኃይላቸውን ለመጨመር አንድ ሙሉ ተራ ሳያጠቁ ያሳልፋሉ፤ እርሱ ግን በፓወር አፕ ፓንች እየመታ በዚያው ተራ የጥቃት ኃይሉን በሁለት ደረጃ ያሳድግ ነበር። ከምት የሚከላከሉት ሰብስቲትዩትም ሆነ ፎከስ ሳሽ አያድኑም ነበር፤ ሁለተኛው ምት ያልፋቸዋልና። አንድ ስልት ይህን ያህል ሲያተርፍና ምንም ሳይከፍል ሲቀር፣ ጥሩ ተጫዋች ከመካከለኛው የሚለይበት ቦታ ይጠፋል።

የማታ ዝናብ

ሰባተኛ ትውልድ በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ይሁንና ኃይልና ምርጫን ማሳጣት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ማከል እፈልጋለሁ። ዎቡፌት የጥቃት ኃይሉ 33፣ ፍጥነቱም 33 ሲሆን በራሱ ተነሣሽነት የሚያጠቃበት አንድም ጥቃት የለውም። ሆኖም በሦስተኛውም በአራተኛውም ትውልድ በኡበርስ ተቀምጧል። «ሻዶ ታግ» ተቃዋሚው እንዳይቀየር ይከለክለዋል፤ ኤንኮር በአንድ ጥቃት ላይ ያስረዋል፤ ካውንተር እና ሚረር ኮት ደግሞ ከዎቡፌት ትልቅ የሕይወት መጠን፣ ማለትም ከ190፣ ጋር ሆነው የተሰነዘረውን እጥፍ አድርገው ይመልሳሉ። በፖኬሞን ውስጥ ዋናው ችሎታ ማንን መቼ መቀየር እንዳለብን ማወቅ ነው፤ ዎቡፌት ያንን ችሎታ ከእጃችን ይነጥቃል። ስሞገንም ፖሊሲው ላይ ከልክ ያለፈ ኃይልን፣ ውድድርን ትርጉም የሚያሳጣ ነገርንና ጨዋታውን የሚያውክ ነገርን ለይቶ የሚያስቀምጠው ሦስቱ የተለያየ ማስረጃ ስለሚፈልጉ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ኪንጋምቢት ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ ሁለቱንም የጓደኞችዎን ወገኖች እረዳለሁ። የጥቃት ኃይሉ 135፣ መከላከያው 120፣ የሕይወት መጠኑ 100 ነው። «ሱፕሪም ኦቨርሎርድ» ደግሞ ወደ ሜዳ ሲገባ ለወደቀ እያንዳንዱ ጓደኛው 10 በመቶ፣ ቢበዛ 50 በመቶ ኃይል ይጨምርለታል። ፍጥነቱ 50 መሆኑ እውነት ነው፤ ሳከር ፓንች ግን ቅድሚያ ያለው ጥቃት ስለ ሆነ ፈጣን ተቃዋሚን ቀድሞ ይመታል። «ቀርፋፋ ስለ ሆነ አያስፈራም» የሚሉት ጓደኞችዎ ይህን የዘነጉ ይመስለኛል።

ሳከር ፓንች የሚሠራው ተቃዋሚው በዚያው ተራ የማጥቃት እርምጃ ከመረጠ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ተራዎች ወደ ግምት ጨዋታ ይቀየራሉ፤ ባጠቃ ሳከር ፓንች ይገድለኛል፣ ባላጠቃ ስዎርድስ ዳንስ ተጠቅሞ ኃይሉን እጥፍ ያደርጋል። በዚህ ላይ ቴራ፣ ማለትም በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ የፖኬሞንን ዓይነት የሚለውጠው ሥርዓት፣ ሲጨመር፣ ታማኝ መልስ መስሎ የነበረው የፋይቲንግ ጥቃት ኪንጋምቢት ወደ በራሪ ዓይነት ሲለወጥ በግማሽ ኃይል ይመታዋል፤ ወደ መንፈስ ዓይነት ከተለወጠ ደግሞ ጭራሽ አይነካውም። እገዳ የሚጠይቁት ጓደኞችዎ የሚያማርሩት ይህንን ከሆነ ቅሬታቸው መሠረት አለው።

ይሁን እንጂ የመጨረሻዎቹን ሦስት ተራዎች ብቻ ቆርጦ መመልከት ያሳስታል። ኪንጋምቢት ያን ያህል ኃይል የሚያገኘው ጓደኞቹ ከወደቁ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ተራዎች ሁሉ ተቃዋሚው የሚዘጋጅባቸው ናቸው። ተቃዋሚን አቃጥሎ የጥቃት ኃይሉን የሚያዳክመው ዊል ኦ ዊስፕ ያለውን ፖኬሞን እስከ መጨረሻ ማቆየት፣ ኪንጋምቢት ሲገባ የሚጎዱትን ወጥመዶች በሜዳው ላይ አስቀድሞ መዘርጋት፣ ቴራውን ቀደም ብሎ እንዲጠቀም ማስገደድ፣ የሳከር ፓንችን ጥቂት የመጠቀሚያ ዕድሎች ማስጨረስ፣ እነዚህ ሁሉ በተጫዋቹ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ዶንዶዞም በ«አንአዌር» የስዎርድስ ዳንስን ጭማሪ ከቁጥር ሳያስገባ መቆም ይችላል፤ የሱፕሪም ኦቨርሎርድን ጭማሪ ግን እንደማያስቀር ልብ ይበሉ። በስሞገን ኪንጋምቢት ለተጫዋቾች ድምፅ ቀርቦ ለእገዳ የሚበቃ ድምፅ ስላላገኘ በኦ.ዩ. ቀርቷል። እኔም ብሆን አላግደውም ነበር። የላንዶረስን ኢንካርኔት ቅርጽ ማቆም ያልቻለው ተጫዋች ቀደም ብሎ ሊያደርገው የሚችለው ነገር እምብዛም አልነበረም፤ በኪንጋምቢት የተሸነፈው ግን የጨዋታውን ቅጂ ወደ ኋላ መልሶ ቢያይ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መንገድ የነበረበትን ተራ ያገኘዋል።

ነጭ ንብ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የላንዶረስ ምሳሌ ለጓደኞቼ ለማስረዳት በጣም ይጠቅመኛል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ችግሩ ያለው በሳከር ፓንች፣ በሱፕሪም ኦቨርሎርድ ወይም በቴራ ውስጥ ከሆነ፣ ፖኬሞኑን እንዳለ ከማገድ ይልቅ ችግር የፈጠረውን ክፍል ብቻ ማገድ ለሁሉም አይሻልም ወይ? ከእኛ አንዱ «ኪንጋምቢት ይፈቀድ፣ ቴራ ግን አይጠቀም» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ብዙዎች ወደውለታል።

ቆላ ወርቅ

ሐሳቡ የሚስብ ነው፤ በስሞገን ታሪክም ተሞክሯል። በአምስተኛው ትውልድ ፖሊቶድ በ«ድሪዝል» የሚያመጣው ዝናብ ማብቂያ አልነበረውም፤ በዝናብ ውስጥ ፍጥነታቸው እጥፍ የሚሆነው የ«ስዊፍት ስዊም» ባለቤቶች ደግሞ፣ ለምሳሌ ኪንግድራ፣ ሊገቱ የማይችሉ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተወሰነው ድሪዝልም ስዊፍት ስዊምም እንዳይታገዱ፣ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቡድን ውስጥ አብረው እንዳይገኙ ነው። ውሳኔው ሠርቷል፤ የዝናብ ቡድኖችም ሳይጠፉ ቀሩ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚወደውን ፖኬሞን ለማዳን «እርሱ ይቅር፣ ይህ ጥቃቱ ብቻ ይታገድ» የሚል ሐሳብ ማቅረብ ቻለ። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ማቆሚያ የለውም። ማንኛውንም ፖኬሞን ከአንድ ጥሩ ጥቃት ከለየነው ደካማ ይሆናልና፣ በዚህ መንገድ እጅግ ኃይለኛ የሆነውን ሚውቱንም ወደ ኦ.ዩ. ማምጣት ይቻላል።

እኔ የማምነው መለያ ይህ ነው፤ ክፍሉ በማንም እጅ ቢገባ ችግር የሚፈጥር ከሆነ ክፍሉ ይታገድ፤ ችግሩ የሚታየው በአንድ ፖኬሞን ላይ ብቻ ከሆነ ግን ፖኬሞኑ ይታገድ። የላስት ሪስፔክትስ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጥቃቱ በሃውንድስቶን እጅ ብቻ በነበረ ጊዜ የታገደው ሃውንድስቶን ነበር፤ በኋላ ባስኩሌጂየን ያንኑ ጥቃት ይዞ ሲመጣና ችግሩ አብሮት ሲመጣ የጥቃቱ ጥፋት መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ጥቃቱ ራሱ ታገደ፤ ሃውንድስቶንም ተመለሰ። ጋርቾምፕም በአምስተኛው ትውልድ ተመሳሳይ መንገድ አልፏል። በአሸዋ አውሎ ነፋስ ውስጥ የተቃዋሚን ጥቃት በዕድል የሚያስተው «ሳንድ ቬይል» ለማንም ቢሆን ዕድልን በችሎታ ቦታ ስለሚያስቀምጥ ልዩ ችሎታው ታገደ፤ ጋርቾምፕም በ«ራፍ ስኪን» ወደ ኦ.ዩ. ገባ። በስምንተኛው ትውልድ ደግሞ ዳይናማክስ ጨዋታው በወጣ በሚቀጥለው ወር፣ በዲሴምበር 2019፣ ሙሉ በሙሉ ታግዷል፤ ለሦስት ተራ የሕይወትን መጠን እያሳደገ ጥቃቶችን የሚለውጥ ይህ ሥርዓት በማንኛውም ፖኬሞን ላይ ሊውል ስለሚችልና ተቃዋሚው ማን እንደሚጠቀምበት አስቀድሞ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ፖኬሞኖችን አንድ በአንድ ማገድ ትርጉም አልነበረውም።

በዚህ መሠረት ሳከር ፓንችን ሌሎች ብዙ ፖኬሞኖች ያለ አንዳች ቅሬታ ይጠቀሙበታል። ቴራም ለድምፅ ቀርቦ በኦ.ዩ. ተፈቅዷል። «ኪንጋምቢት ያለ ቴራ» የሚለው ደንብ እንግዲህ ለአንድ ፖኬሞን ብቻ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ነገ ለድራጋፑልት፣ ከነገ ወዲያ ለጎልደንጎ ሌላ መስፋት ይጠበቅባችኋል። ወይ ይግባ ወይ ይውጣ የሚለውን ብትመርጡ ውድድራችሁን መከታተልም ይቀላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ጉዳይ አለ። የጨዋታው ሠሪዎች ኃይልን መቀነስ ይችላሉ፤ የሜጋ ካንጋስካንን ሁለተኛ ምት በሰባተኛው ትውልድ ከግማሽ ወደ ሩብ አውርደውታል፤ የዛሺያንን ዘውድ የጫነ ቅርጽ የጥቃት ኃይል በዘጠነኛው ትውልድ ከ170 ወደ 150 ዝቅ አድርገዋል። የስሞገን ተጫዋቾች ግን ጨዋታውን እንዳለ ስለሚቀበሉ በእጃቸው ያለው መፍቀድና ማገድ ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ያህል ጠንካራ ስለ ሆነ የማስረዳት ሸክም በእገዳ ጠያቂው ላይ መውደቁ ትክክል ነው።

ጥንድ ውጊያ

እኔ የምጫወተው ሁለት ለሁለት የሚደረገውን ቪ.ጂ.ሲ. የተባለውን ይፋዊ የውድድር ዓይነት ስለ ሆነ በአጭሩ ልናገር። «ከልክ በላይ ኃይለኛ» የሚለው ፍርድ ሁልጊዜ በአንድ የጨዋታ ዓይነት የታጠረ ነው። ኢንሲነሮር ተቃዋሚን ለአንድ ተራ በሚያስቆመው ፌክ አውትና በኢንቲሚዴት ምክንያት በእኛ ዘንድ ከዓመት ዓመት ከዋናዎቹ አንዱ ነው፤ በነጠላ ውጊያ ግን በኦ.ዩ. ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። በአንጻሩ ፍላተር ሜንን የነጠላ ተጫዋቾች ወደ ኡበርስ ሲልኩት፣ እኛ ግን ሁለት ተቃዋሚ በአንድ ጊዜ ሊያጠቃው ስለሚችልና አካላዊ መከላከያው 55 ብቻ ስለ ሆነ እየተጠነቀቅን አብረነው ኖረናል።

እንዲሁም ከአንድ ድል ብዙ እንዳትደመድሙ አሳስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሴ ጁን ፓርክ ድምሩ 405 የሆነውን ፓቺሪሱን ይዞ አሸንፏል። ፓቺሪሱ ያሸነፈው ኃይለኛ ስለ ነበረ አይደለም፤ በፎሎው ሚ ጥቃቶችን ወደ ራሱ እየሳበ፣ የኤሌክትሪክ ጥቃትንም በ«ቮልት አብዞርብ» እየዋጠ ጋይራዶስን የመሰለ ጓደኛውን የሚጠብቅ ሆኖ በዚያ ቡድን ውስጥ ስለ ተገጣጠመ ነው። አንድ ፖኬሞን በአንድ ጎበዝ ተጫዋች እጅ ያደረገውን በሁሉም እጅ ያደርጋል ማለት አይቻልም፤ ይህ ደግሞ ለኪንጋምቢትም ይሠራል።

የማታ ዝናብ

ነጭ ንብ፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ ሳይመለስ እንዳይቀር የማውቀውን ልጻፍ። በስሞገን አንድ ፖኬሞን ሲጠረጠር ድምፅ የሚሰጡት በላደሩ (የተጫዋቾች ደረጃ በሚወጣበት የውጊያ መድረክ) ላይ ተጫውተው የተወሰነ የብቃት ደረጃ የደረሱ ብቻ ናቸው፤ ለእገዳም 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። እናንተም ሁለቱን ሐሳቦች በልካችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ። ድምፅ የሚሰጥ ሁሉ ከኪንጋምቢት ጋርም በኪንጋምቢት ላይም የተጫወተ ይሁን፤ ግማሽ ለግማሽ የተከፈለ ስብስብም በአንድ ድምፅ ብልጫ አያግድ። የጨዋታ ቅጂ ሲቀርብ ኪንጋምቢት የተሸነፈባቸውም አብረው ይቅረቡ፤ ለማስረጃነት የተሸነፉበትን ብቻ የሚልክ ሰው የጉዳዩን ግማሽ ደብቋል።

ከድምፁ በፊት ደግሞ የተወሰኑ ጨዋታዎችን ያለ ኪንጋምቢት ብትጫወቱ እመክራለሁ። ኪንጋምቢት የመንፈስ ዓይነት አጥቂዎችን፣ በተለይ ድራጋፑልትንና ጎልደንጎን፣ ከሚገቱት ዋና ፖኬሞኖች አንዱ ነው፤ እርሱ ሲወጣ የእነርሱ እጅ ይፈታል። ያለ እርሱ ስትጫወቱ ቡድኖቻችሁ ይበልጥ ከተለያዩ ለእገዳው ጥሩ ምክንያት አግኝታችኋል። ሁላችሁም ጎልደንጎን ለማቆም ስድስተኛውን ቦታ መስዋት ከጀመራችሁ ግን ኪንጋምቢትን መልሱት። ከሙከራው በኋላ ያያችሁትን እዚሁ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል፤ በተለይ ከቴራ ዓይነቶቹ የትኛው ይበልጥ እንዳስቸገራችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።